አሥራ ሰባት ኢንች

ታይዋን ገበያ፣ ከቀትር በኋላ፣ ቆርቆሮው ሲግል፣
ሙርሰል ላፕቶፑን ከፍቶ እንደ ሙሽራ ሲኩል፤
«አቦ፣ ስክሪኑን እዪው! መስኮት ነው ወይስ ስክሪን?
ጌሙን ብትይ፣ ኤዲቲንጉን፣ ይችልልሻል ሁሉን!
ዘጠና ሁለት ሺህ፣ ያውም ላንቺ ብዬ፣
ከዚህ ብቀንስማ ምን ልበላ ነው፣ ሱቅ ከፍቼ ውዬ?»

የሠርግ ቪዲዮ ሠሪ ነኝ፤ ኩል ምን እንደሚሸፍን አውቃለሁ፤
«እዚህ ማራገቢያ ሥር አይደለም፣ ውጭ አውጣው፣ እዚያ እፈትነዋለሁ።»

ሳቁ። የጎረቤት ሱቅ ልጆች ሳጥን ስበው ከበቡኝ፤
«ግዢ ነው ወይስ የሚኒስትሪ ፈተና?» እያሉ ቀለዱብኝ።
በደጋ አየር ጀግና ያልሆነ ኮምፒውተር የለም፤
የድሬ ፀሐይ ግን ዋስ አትቀበልም።

ሀርድ ዲስኬን ሰካሁ። የሂንድያን ሠርግ ከፈትኩ፤
የሦስት ካሜራ ቀረጻ ደራርቤ ጫንኩ።
ማራገቢያው ተነሣ፤ እንደ ድሮው ሽማንደፈር አጓራ፤
ሆዱ ጋለ፤ ጭኔ ላይ ያለው ቀሚሴ እንኳ ፈራ።
አሮጌው ይህን ሥራ ማታ ጀምሮ ንጋት ነው የሚገላገል፤
እኔም «እየሠራ ነው» ብዬ እተኛለሁ፣ ማን ይከሰኛል?
ይኼ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። ሙርሰል ሰዓቱን አሳየኝ፤
ሌላ ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔ እንቅልፌን የቀማኝ መሰለኝ።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦
ክብደቱ፣ ከነቻርጀሩ፣ እንቅልፍ የጣለው ሕፃን ያህል።
ባትሪው አንድ ሰዓት ከሩብ፤ የሳቢያን መብራት ግን ከሄደ ሄደ ነው።
የሂናው ጥቁር ወደ ወይን ጠጅ ይሸሻል፤
አረንጓዴው ቀሚስ የትላንት ጫት መስሏል።

ረምዚ ወንድሜ ግማሹን አዋጥቷል፣ ከባጃጁ ቆጥቦ፤
ቀን ሲነዳ ይውላል፣ ማታ ደግሞ ሊነዳ ነው፣ አቦ!
በማያውቀው ከተማ፣ በሌሊት፣ በዝናብ፤
ተሳፋሪ በሌለበት፣ የለ መልስ፣ የለ ሒሳብ።
ሞከረው። ዝናቡ ስክሪኑን ሞላ። አንዱ ልጅ እጁን ዘረጋ፣
ጠብታ ሊቀበል መሰለኝ። ማዶ ደቻቱ ደርቋል፤ በጋ።

እኔ ወደ ሂንድያ ተመለስኩ።
በትንሿ ስክሪን ስድስት ሳምንት ስቆራርጣት ነበር፤
ፈገግታዋን አውቀዋለሁ፣ ከከንፈሯ እስከ ሽፋሽፍቷ ድንበር።
እዚህ፣ በሰፊው ላይ፣
ዓይኗ ወደ በሩ ይሄዳል።
ኬኩ ሲቆረስ ወደ በሩ። ቀለበቱ ሲጠልቅ ወደ በሩ።
አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ሲጨፍሩ።
የምትጠብቀው ሰው አለ፤ ወይ የሚመጣ፣ ወይ የማይመጣ፤
በሩ ላይ ማንም የለም፤ ነፋስ ብቻ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

«ምነው ዝም አልሽ፣ ኢፍቱ? ጉድለት አገኘሽ?»
«አንድ አለበት» አልኩት። «ያልተከፈለኝን ያሳያል።»
የሞተ ነጥብ መስሎት ስክሪኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ፤
ሳልለምነው ሁለት ሺህ አወረደ፤ ለማያውቀው ጉድለት ዋጋ አደረገ።

ባጃጁ ውስጥ ታቅፌዋለሁ፣ ገና ትኩስ ነው።
ረምዚ ወደ መስታወቱ ቀና ብሎ፦ «ከአሥር ስንት ሰጠሽው?»
ላንተ ዝናብ ዘጠኝ። ለባትሪው ሦስት፤ እሱም ታዝኖለት።
ለእኔ… ቆይ፣ ፍሬን ያዝ፣ ፍየል ናት፣ እለፋት።

ነገ ቁጭ ብዬ ዓይኖቿን ከበሩ ላይ እቆርጣለሁ፤
የሚከፈለኝ ለዚያ ነው፤ አሥሩን እቆርጣለሁ።
አንዷን እተዋታለሁ። ስልክ ላይ አትታይም።
ድሬ ውስጥ ግን ሰፊ ስክሪን ያለው አንድ ሰው አይጠፋም።